የአቧራውን ቀን አትሰርዙት

በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ለምትሰማሩ የወሎ ልጆች አንዲት ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ አየር ለመለካት ቆቦ ተልኬ ነበር። ግንቦት ነው። ከቀትር በኋላ ከአፋር በኩል ነፋስ ተነሣና የዞብል ተራራ ከዓይናችን ጠፋ። በማግስቱ የማጣሪያ ወረቀቷን ከመሣሪያው ሳወጣ ሸክላ መስላለች። ስከታት ነጭ ነበረች። በጣት መንካት ክልክል ነው፤ ነካኋት፤ ቆረቆረችኝ። አለቃዬ «ይቺ አማካዩን ታበላሽብናለች፣ ሰርዛት» አለ። ሰረዝኳት። የነፋሱን አቅጣጫ እንኳ አልጻፍኩም። በኋላ መዝገቡ ለምን ቀዳዳ እንዳለው ስጠየቅ ዝም አልኩ።

ሌላው አገር እንዴት እንደሚሠራ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አሜሪካኖቹ እንዲህ ስላለው ያልተለመደ ቀን እ.ኤ.አ. በ2007 ደንብ አወጡ፣ በ2016 አሻሻሉት። የብናኙ መጠን በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ150 ማይክሮግራም ሲያልፍ «ነፋስ ነው እኮ» ብሎ መገላገል የለም። ቁጥሩ ምልክት ተደርጎበት መዝገብ ላይ ይቆያል። ቁጥሩ እንደ ሕግ ጥሰት እንዳይቆጠርበት የፈለገ መሥሪያ ቤት ግን ማስረጃ ያቀርባል፦ የሳተላይት ምስል፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ ከቀደሙት ዓመታት ጋር ማነጻጸሪያ። በአቅም መከላከል የማይቻል እንደነበርም ያሳያል። ሕዝቡም አስተያየት እንዲሰጥበት ቢያንስ 30 ቀን ይቆያል። አውሮፓም ከሰሃራ የሚመጣውን አቧራ ከሒሳቡ መቀነስ ይፈቀዳል፤ ግን ተለይቶ ተረጋግጦ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኮምቦልቻን አስቡ። ዙሪያዋን ተራራ ነው፣ ፋብሪካ አለ፣ የከባድ መኪና መንገድ አለ። አቧራ በተነሣ ቀን የጭስ ማውጫው ባለቤት ደስ ይለዋል፤ መደበቂያ አገኘ። ግን ይለያል። የነፋስ አቧራ ሻካራ ነው፣ ወረቀቱን ቡናማ ያደርገዋል። ጭስ ደቃቅ ነው፣ ያጠቁረዋል። ገለባ አቃጥሎ «የተፈጥሮ ጭስ» የሚል ደግሞ አይጠፋም። አትስሙት።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ። እሳተ ገሞራን ማን ይከሰዋል? ማንም። አፍዴራ አጠገብ ያለው እረኛ ግን ያንኑ አመድ ተንፍሷል። ሳንባ አቧራው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይውጣ፤ ጥፋተኛ ፍለጋው ይደርሳል።

አብሽሩ፣ ውድ መሣሪያ እስኪመጣ አትጠብቁ። ደብተር ያዙ። ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ የትኛው ተራራ እንደጠፋ ያን ዕለት ጻፉ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ደሴ በረንዳዬ ላይ ሆኜ እጽፋለሁ። የዛሬው እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ነፋስ ከምሥራቅ፣ ጦሳ ግማሹ ብቻ ይታያል።»