ካርዱን እንዳትቀይር፣ መጀመሪያ ቪቲ-ዲን እይ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ሴንትኦኤስ 6 ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ የኢንቴል ሰርቨር አለኝ። ባለ ሁለት ፖርት የኔትወርክ ካርድ በቀጥታ ኬቪኤም በሚባለው የሊኑክስ ቨርቹዋላይዜሽን ለሚሠራ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ልሰጥ ብል፣ ማሽኑ ‹ኖ አይኦኤምኤምዩ ፋውንድ› እያለ አልነሳ አለኝ። ባዮስ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን አብርቻለሁ። ካርዱን ልቀይር?»

አትቀይር ወንድሜ። ያበራኸው ቪቲ-ኤክስን ነው የሚመስለኝ። እሱ ቨርቹዋል ማሽን ለማስኬድ ነው። ካርድ አሳልፎ ለመስጠት ቪቲ-ዲ ያስፈልጋል፤ ባዮስ ውስጥም ለብቻው ነው ያለው። የኔትወርክ ካርድ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ በቀጥታ ይጽፋል። ቨርቹዋል ማሽኑ የሚሰጠው አድራሻ ደግሞ የእውነተኛው ሜሞሪ አድራሻ አይደለም። መሃል ገብቶ አድራሻውን የሚቀይርለት አይኦኤምኤምዩ ነው፤ ቪቲ-ዲ ማለት የኢንቴል አይኦኤምኤምዩ ነው። እሱ ከሌለ ካርዱ የሌላ ማሽን ሜሞሪ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ኬቪኤም እምቢ ማለቱ ልክ ነው።

ባዮሱን ብቻ ማስተካከል ግን አይበቃም። ያንተ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 2.6.32 ነው፤ ካልነገርከው አይኦኤምኤምዩውን አያበራውም። ሲስተሙን የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ የግራብን ኮንፊግ ፋይል ክፈትና «ከርነል» ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ፣ በስልክ እንደምነግርህ አድርገህ ጻፍ፦ ኢንቴል፣ አንደርስኮር፣ አይኦኤምኤምዩ፣ እኩል ይሆናል፣ ኦን። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ አይኑር፤ ሁሉም በትንሹ ፊደል ይሁን። ከዚያ ሪስታርት አድርግና የከርነሉን የቡት መልእክት እይ። «ዲኤምኤአር» የሚል ካለ ባዮሱ ላይ ቪቲ-ዲ በርቷል ማለት ነው። «ኢንቴል-አይኦኤምኤምዩ ኢኔብልድ» የሚለው ከጎደለ ግን ግራብ ላይ የጻፍከው አልሠራም።

አሁን ቨርቹዋል ማሽኖቹን በምታስተዳድርበት ፕሮግራም፣ በቪርት ማናጀር ላይ «አድ ሃርድዌር» ብለህ ካርዱን ጨምር። እዚህ ጋ ሌላ ችግር ሊገጥምህ ይችላል። ሁለቱ ፖርቶች እንደ ሁለት ዕቃ ነው የሚታዩት። አንዱን ብቻ ስትሰጥ «ኖት ዱዊንግ ባስ ሪሴት» የሚል ስህተት ከመጣ፣ ካርዱ ፖርቶቹን ለየብቻ ሪሴት ማድረግ አይችልም ማለት ነው። ሁለቱንም ለአንድ ማሽን ስጥና ይለቅሃል። አደራ፣ አንተ ራስህ ከርቀት በኤስኤስኤች የገባህበት ፖርት ከነሱ አንዱ እንዳይሆን። እኔ አንዴ ከቤት ሆኜ ስሠራ ይህን ሳላጣራ ቀርቼ ሰርቨሩ ከእጄ ወጣ። በማግስቱ ሞኒተርና ኪቦርድ ይዤ ቦታው ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልግ አብዛኛው መመሪያ ካርድ አሳልፎ የሚሰጠውን አዲሱን መንገድ፣ ቪኤፍአይኦን ተጠቀም ይልሃል። ቪኤፍአይኦ ሊኑክስ ውስጥ የገባው በ2012 ከርነል 3.6 ላይ ስለሆነ አንተ ጋ የለም። ያንተ ካርዱን ከሰርቨሩ ነጥሎ የሚይዘው ፒሲአይ-ስተብ የሚባለው ነው፤ ቪርት ማናጀር ራሱ ያያይዝልሃል። ካርድ አሳልፎ የሚሰጠው ይህ አሮጌው የኬቪኤም መንገድ ደግሞ ከርነል 4.12 ላይ ከሊኑክስ ተወግዷል። ሴንትኦኤስ 6 ድጋፉ በፈረንጆች ኖቬምበር 2020 ስላበቃ ሲስተሙን መቀየርህ አይቀርም። ያኔ ይህን ክፍል በቪኤፍአይኦ እንደ አዲስ ትሠራዋለህ።

ባዮሱ ውስጥ ቪቲ-ዲ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለ፣ ባዮሱን አፕዴት አድርገህ ድጋሚ እይ። ያኔም ካልመጣ ካርዱን አሳልፈህ ሳትሰጥ ቨርቹዋል ማሽኑ በጋራ በሚጠቀምበት መንገድ፣ በብሪጅና በቪርትአይኦ ሥራ፤ ለተራ የቢሮ ኔትወርክ ይበቃል።