የልጆቻችን ቁጥርና የትምህርት ቤት በጀት፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

የምዝገባ ወቅት ሲደርስ ከሰሜን ቨርጂኒያ ወላጆች የሚመጡት ጥያቄዎች ይበዛሉ። የዘንድሮዎቹ በአብዛኛው ስለ ፎርምና ስለ ገንዘብ ናቸው፤ ብዙዎቹም ትንሿን የፎልስ ቸርች ከተማ ይመለከታሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አድራሻችን ፎልስ ቸርች ይላል። ልጃችንን ለማስመዝገብ ስንሄድ ግን የከተማው ነዋሪ አይደላችሁም ተባልን። እንዴት ሊሆን ቻለ?»

ፖስታ ቤት የሚጠቀምበት ስምና የከተማዋ ወሰን አንድ አይደሉም። ራሷን የቻለችው ፎልስ ቸርች ከተማ ስፋቷ ሁለት ስኩዌር ማይል ገደማ ነው፤ ተማሪዎቿም ሦስት ሺህ አይሞሉም። ፎልስ ቸርች እያልን የምንጠራቸው ብዙ አፓርታማዎች ያሉት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው፤ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ170 ሺህ በላይ ተማሪ አላቸው። የመኪና ታክስ የምትከፍሉበትን ቢል እዩ። ላኪው ካውንቲው ከሆነ ልጃችሁ የካውንቲው ተማሪ ነው። ለትምህርት ቤት ብላችሁ ቤት የምትቀይሩ ከሆነ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት አጣሩ።

«ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው። ፎርሙ ላይ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ብዬ ሞላሁ። የአምስት ዓመት ልጄን ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ልጆች የሚሰጥ ትምህርት) ክፍል አስገብተው ከእኩዮቹ ወደ ኋላ እንዳያስቀሩብኝ ፈርቼ ነው።»

ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ብዙ እናቶች እንዲሁ ያደርጋሉ። ግን እባክዎ ሄደው ያስተካክሉት። ያ የቤት ቋንቋ ጥያቄ ልጁን የትም አያስገባውም፤ የእንግሊዝኛ ምዘና እንዲሰጠው ብቻ ነው የሚያደርገው። ካለፈ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካላለፈ ድጋፍ የማግኘት መብት አለው። ከቋንቋ ፕሮግራሙ ይውጣልኝ ማለትም ይችላሉ፤ በየዓመቱ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና ግን አይቀርለትም።

ይህ መብት በቀላሉ አልተገኘም። በሳን ፍራንሲስኮ የነበሩ ቻይናውያን ተማሪዎች ያቀረቡትን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1974 ሲወስን፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ አስረግጦ ተናግሯል።

ገንዘቡም የሚመጣው በእነዚህ ልጆች ቁጥር ነው። ስቴቱ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች መምህራን የሚመድበው በቁጥራቸው መጠን ነው። ታይትል ስሪ የሚባለው የፌደራል ገንዘብም እንደዚያው ነው፤ የአንድ ዲስትሪክት ድርሻ 10,000 ዶላር ካልሞላ ለብቻው አይሰጠውም፣ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ማመልከት አለበት። ትልቅ ካውንቲ ውስጥ አምስት ልጅ ከቁጥር ቢጎድል ማንም ልብ አይለውም። ትንሽ ዲስትሪክት ውስጥ ግን መምህሯ ሙሉ ቀን ትቀጠር ወይስ ግማሽ ቀን የሚለው በዚያ ሊወሰን ይችላል።

«ስለ ዘር የሚጠይቀውን ባዶ ብተወው ምን ችግር አለው?»

የፌደራሉ የትምህርት ሚኒስቴር በ2007 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ወላጅ ካልሞላው በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ልጁን አይቶ ራሱ ይሞላል። ስለዚህ እርስዎ ቢሞሉት ይሻላል። እስካሁን ልጆቻችን የሚቆጠሩት በጥቅሉ ጥቁር ተብለው ነው፤ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣውና ቅድመ አያቶቹ ቨርጂኒያ ውስጥ የኖሩት ልጅ በአንድ ዓምድ ይገባሉ። የሁለቱ ችግር ግን አንድ አይደለም። የፌደራል መንግሥቱ በ2024 ባሻሻለው መስፈርት በዚሁ ክፍል ሥር ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን ተጨምሯል። መሥሪያ ቤቶች እንዲፈጽሙት የተሰጣቸው ጊዜ እስከ 2029 ስለሆነ የናንተ ትምህርት ቤት ፎርም ላይ ገና ላይኖር ይችላል። እስከዚያ የእኛን ልጆች ለይቶ የሚያሳየው የቤት ቋንቋ ጥያቄው ነው።

«ልጄ ምሳ ከቤት ይዞ ነው የሚሄደው። የፍሪ ላንች ፎርም መሙላት ለምን ያስፈልገኛል?»

ፎርሙ ከምሳም በላይ ነው። ትምህርት ቤቱ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ስንት ተማሪዎች እንዳሉት ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ነው፤ ልጁ ሃይስኩል ሲደርስ ደግሞ ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰደው የኤስኤቲ ፈተና ክፍያ እንዲነሳለት ይረዳል። ገቢያችሁ ከፌደራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ ካልበለጠ ምሳው ነፃ ነው፤ እስከ 185 በመቶ ድረስ በፌደራሉ መስፈርት በቅናሽ ነው። የስደት ወረቀት አይጠየቅም። የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የሚለው ላይ፣ ቁጥሩ የሌለው ሰው የለኝም የሚለውን ምልክት ያደርጋል። ሀብታም ከተማ ውስጥ የሚኖር ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ አፍሮ ዝም ሲል ልጁም ከነችግሩ ተሸሽጎ ይቀራል፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

«ከተማዋ ሀብታም ናት ይባላል፤ በየዓመቱ ግን በጀት አነሰ ሲሉ እንሰማለን። እኔ ተከራይ ነኝ፤ በስብሰባው ላይ መናገር እችላለሁ?»

አዎ ይችላሉ፤ ዜግነትም የቤት ባለቤትነትም አይጠየቅም። ቨርጂኒያ የእያንዳንዱን ከተማና ካውንቲ የመክፈል አቅም በቀመር ታሰላለች፦ የንብረት ዋጋ 50 በመቶ፣ የነዋሪው ገቢ 40፣ የችርቻሮ ሽያጭ 10። ከቀመሩ የሚወጣው ቁጥር ጣሪያው 0.8 ነው፤ ፎልስ ቸርችና አሌክሳንድሪያ እዚያ ላይ ናቸው። ይህ ማለት ስቴቱ ካሰላው መሠረታዊ ወጪ 80 በመቶውን የምትሸፍነው ከተማዋ ናት። ስሌቱም ራሱ ዝቅ ያለ ነው፤ የስቴቱ ሕግ አውጪ የጥናት ቢሮ በ2023 እንዳሳወቀው የቨርጂኒያ ዲስትሪክቶች ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ከ50ዎቹ ስቴቶች አማካይ በ14 በመቶ ያንሳል።

የቀረውን የሚሞላው በዋነኛነት የቤትና የሕንፃ ግብር ነው፤ እርስዎም በኪራይዎ ውስጥ ይከፍሉታል። ስኩል ቦርዱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም፣ የሚለምነው የከተማውን ምክር ቤት ነው። የበጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ስለሚጀምር ውሳኔው የሚያልቀው በጸደይ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሳይወጣ ይምጡና ይናገሩ፤ ኦገስት ላይ መምህር ጎደለ ብሎ ማማረር ጊዜው ያለፈበት ነው።

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ከመምህሯ ጋር ስገናኝ ልጄ ነው የሚያስተረጉምልኝ። ልክ ነው?»

አይደለም። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ በሚገባዎት ቋንቋ፣ በነፃ ሊያነጋግርዎት ይገባል። ቀጠሮው ከመድረሱ ጥቂት ቀናት አስቀድመው ወደ ቢሮው ደውለው አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ይበሉ፤ የሚቀናዎት ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነም ቋንቋውን ለይተው ይንገሯቸው።