ስለ ሪፍሌክሶሎጂ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥ፦ ሪፍሌክሶሎጂ ከተራ እግር ማሸት በምን ይለያል?

መ፦ ማሸት ጡንቻ ያላላል። ሪፍሌክሶሎጂ ግን በውስጥ እግር ላይ ያሉ ነጥቦች የሰውነትን ክፍሎች ይወክላሉ ይላል፦ አውራ ጣት ጭንቅላትን፣ ከጣቶች ሥር ያለው ወፍራም ሥጋ ሳንባን፣ መሃሉ ላይ ያለው ስርጓዳ የሆድ ዕቃን፣ ተረከዝ ዳሌን። አሜሪካዊው የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዊልያም ፊትዝጄራልድ ሰውነትን ቁልቁል በ10 ቀጠና ከፍሎ በ1917 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በ1930ዎቹ ዩኒስ ኢንግሃም ሐሳቡን ወደ እግር ካርታ አመጣችው።

ጥ፦ አንድ ባለሙያ ነጥቡን ሲጫነኝ አመመኝና «ኩላሊትሽ ችግር አለበት» አለኝ። ልመነው?

መ፦ አትመኚው። ነጥቡን ከኩላሊት ጋር የሚያያይዝ የታወቀ መስመር የለም፤ ካርታዎቹም እርስ በርስ አይስማሙም። ውስጥ እግር ጠባብ ጫማ አድርገሽ ወይም ረጅም ሰዓት ቆመሽ ብትውይም ያማል። ኩላሊት የሚታወቀው በደምና በሽንት ምርመራ ነው። ሪፍሌክሶሎጂ የሚሰጠው ዕረፍትና መዝናናት ነው፤ ያ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥ፦ እናቴን ቤት ውስጥ እንዴት ላሻት?

መ፦ ጥፍርህን ቁረጥ። እግሯን ለብ ባለ ውኃ እጠብ፣ በጣቶቿ መሃል ጭምር አድርቅ። ቅባት አታብዛ፤ ጣትህ ከተንሸራተተ ነጥቡ ላይ አይቆምም። የአተር ፍሬ የምታህል ክሬም ለአንድ እግር ትበቃለች። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቷን በእርጋታ አዙር። ከዚያ የአውራ ጣትህን የላይኛውን አንጓ እያጠፍክና እየዘረጋህ እንደ አባጨጓሬ ወደፊት ብቻ አስኪደው፤ ወደ ኋላ አትጎትት። ከተረከዝ ጀምረህ ወደ ጣቶች ውጣ፤ ለአንድ እግር 15 ደቂቃ ይበቃል። ፊቷን እያየህ ሥራ፦ ከተኮሳተረች ወይም እግሯን ከሰበሰበች በዝቷል ማለት ነው። ብዙዎች «ካላመመ አይሠራም» ይላሉ፤ ስህተት ነው፤ ያመመው ሰው ይኮማተራል እንጂ አይዝናናም።

ጥ፦ ሳሽ አውራ ጣቴን ያመኛል።

መ፦ አንጓው ወደ ኋላ እየተቀለበሰብህ ነው። በጣትህ ብቻ አትግፋ፤ ክንድህን አስጠግተህ በሰውነትህ ክብደት ተጫን፣ እጅ ቀያይር።

ጥ፦ ስኳር አለብኝ፤ ልታሽ?

መ፦ እግርሽ ከደነዘዘ ጫናው ሲበዛ አይታወቅሽም፤ ትንሽ መላላጥ ወደ ቁስል ሊሄድ ይችላል። አስቀድመሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ቁስል፣ ስብራት ወይም የተነሣ ሪህ ያለበት እግር በፍጹም አይታሽም።

ጥ፦ አንድ ባቴ ብቻ አብጦ ይሞቃል፤ መታሸት ያወርደዋል?

መ፦ እንዳታሹት! በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ከተነቀለ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ትንፋሽ ካጠረህ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል።

ጥ፦ ከታሸሁ በኋላ «መርዙ እንዲወጣ» ብዙ ውኃ ጠጪ ይሉኛል።

መ፦ ከጠማሽ ጠጪ። መርዝ የሚያጣሩት ግን ጉበትና ኩላሊት ናቸው፣ ውስጥ እግር አይደለም። ይልቅ ክሬሙን በደንብ ሳትጠርጊ ሴራሚክ ላይ አትቁሚ።