የማያርፍ ፔዳል፦ የመጀመሪያ ፊክስድ ጊራቸውን ለሚገዙ ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን መርጠናል። ሁሉም ፊክስድ ጊር ስለሚባለው ብስክሌት ናቸው። ለማያውቁት አንባቢዎች፦ ይህ ብስክሌት አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) ብቻ አለው፤ ማርሽ አይቀያየርም። የኋላው ጥርስ ከጎማው እምብርት ጋር ጥብቅ ስለሆነ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል። እግር አሳርፎ ቁልቁለት መውረድ የለም። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲጫኑት ደግሞ ጎማው ይዘገያል።

«ቤቴ ፒያሳ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። የታክሲ ሰልፍ ስለመረረኝ ፊክስድ ጊር ልገዛ አንዱን አይቻለሁ። ሻጩ “48 በ16 ነው፣ ይበራል” ይለኛል። ፍሬን የለውም። ለጀማሪ ይሆናል?» (ዳ. መ.፣ ከፒያሳ)

ለእርስዎ መንገድ አይሆንም፤ ምክንያቱም መንገዱ ራሱ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል እስከ ለገሃር የሚዘልቀው የቸርችል ጎዳና ጠዋት ቁልቁለት፣ ማታ ዳገት ይሆንብዎታል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ዳገት ላይ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ ከቀለሙም ከፍሬሙም በፊት የጥርሱን ቁጥር ይዩ።

48 በ16 ማለት የፊተኛው ክብ 48፣ የኋላው 16 ጥርሶች አሉት ማለት ነው፤ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሦስቴ ይዞራል። 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፣ 700 በሚባለው የጎማ ልክ አንዱ የፔዳል ዙር 6.4 ሜትር ይወስድዎታል። ዳገት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ በደቂቃ የሚያዞሩት 26 ጊዜ ብቻ ነው። ዙሩ ባነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ርግጫ ይከብዳል፣ ክብደቱም የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው። ጀማሪዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ጉልበታችንን አመመን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

44 በ18 ቢይዙ አንዱ ዙር 5.2 ሜትር ይሆናል፤ ያንኑ ዳገት በዚያው ፍጥነት በ32 ዙር ይወጡታል። በወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፣ ለገሃርን ለቀው ወደ ላይ ሲያቀኑ ግን ጭንዎ ልዩነቱን ያውቀዋል። 42 በ17ም ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ እንላለን።

ቀላል ጥርስ በበኩሉ ቁልቁለት ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በ44 በ18 በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ከወረዱ እግርዎ በደቂቃ 112 ጊዜ መዞር አለበት። ይህ ከጀማሪ አቅም በላይ ነው። እግር አንዴ ካመለጠ ፔዳሉ መሽከርከሩን አያቆምም፤ ቅልጥም ይመታል፣ መልሶ መርገጥም ጭንቅ ነው። ፍጥነቱን 25 ላይ ይዘው ከወረዱ ግን ዙሩ 80 ገደማ ነው፣ ይህንንም ማንም ይለምደዋል። 25 ላይ የሚይዝልዎት የፊት ፍሬን ነው። ቀላል ጥርስንና የፊት ፍሬንን አንድ ላይ የምንመክረው ለዚህ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ለቸርችል አይበቃም።

«ወደ ኋላ መርገጥ ይበቃል» የሚሉ ብዙ ናቸው። ነገሩን በእርጋታ እንየው። ብስክሌት በድንገት ሲዘገይ የጋላቢው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። የቀለለ ጎማ ቢቆለፍ እንኳ አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል እንጂ በአጭር ርቀት አያቆምም። ከፊትዎ ያለ ሚኒባስ «ወራጅ አለ!» ሲባል ጥግ ለመያዝ እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቁታል። በዚያች ቅጽበት የሚያድነው ክብደቱ ያረፈበት የፊት ጎማ ላይ የተገጠመ ፍሬን ነው።

48 በ16 ሌላም ጉድለት አለው። ቁጥሩ ያለ ትርፍ ስለሚካፈል እግር በአንድ ቦታ በቆለፈ ቁጥር መሬት የሚነካው ያው አንድ የጎማ ክፍል ነው። እዚያች ቦታ ላይ ጎማው ቶሎ ይሳሳና ይፈነዳል። በ44 በ18 ይህ ጫና ዘጠኝ ቦታ ላይ፣ በ42 በ17 ደግሞ 17 ቦታ ላይ ይከፋፈላል።

ሱቅ ሲሄዱ ጠመኔና ሜትር ይያዙ። አንዱን ፔዳል ወደ ታች አድርገው ጎማው መሬት የነካበትን ቦታ ያስምሩ። ፔዳሉ አንድ ሙሉ ዙር ጨርሶ እስኪመለስ ብስክሌቱን በቀጥታ ይግፉና እንደገና ያስምሩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል 5.2 ሜትር አካባቢ ካገኙ መልካም፤ 6 ሜትር ካለፈ የኋላውን ጥርስ እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ። ቀጥሎ የፊት ሹካው አናት ላይ የፍሬን ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ መኖሩን ይዩ። ለትራክ ውድድር የተሠሩ አንዳንድ ሹካዎች ቀዳዳ የላቸውም፣ ያንን ማስበሳት ደግሞ ሹካውን ማድከም ነው፤ ይተዉት። የቸርኬውን ጎን በጣትዎ ይዳስሱ፦ ፍሬኑ የሚያርፍበት ቦታ ቀለም ያልተቀባ፣ ልሙጥ ብረት መሆን አለበት። በቀለም የተሸፈነ ቸርኬ ያምራል፣ ነገር ግን ቀለሙ እስኪፋቅ ድረስ ፍሬኑ ይጮኻል፣ በደንብም አይዝም።

ከተገኘ ደግሞ በአንዱ ጎኑ ፊክስድ፣ በሌላው ፍሪዊል (ፔዳሉ ቢቆምም ጎማው እንዲዞር የሚፈቅድ የተለመደው የኋላ ጥርስ) የሚይዝ እምብርት ያለውን ይግዙ። መጀመሪያ በፍሪዊሉ መንገዱን ይለምዳሉ፣ ከዚያ ጎማውን አዙሮ መግጠም ነው። በፍሪዊሉ በኩል ሲነዱ ግን እግር ምንም አያቆምም፤ የኋላ ፍሬንም ያስፈልጋል።

«19 ዓመቴ ነው። ከመርካቶ አሮጌ የውድድር ብስክሌት ገዝቻለሁ። አንድ በያጅ ፍሪዊሉን በይዶ ፊክስድ እንደሚያደርግልኝ ነግሮኛል፣ ርካሽም ነው። ላሠራው?» (ሀ. ተ.፣ ከአውቶቡስ ተራ)

አታሠራው። ፍሪዊል እምብርቱ ላይ የሚገባው በጥምዝ፣ እንደ ብሎን እየዞረ ነው፤ ወደ ፊት በረገጥክ ቁጥር ይጠብቃል። ብየዳው የሚያስቆመው በፍሪዊሉ ውስጥ ያለውን መሽከርከሪያ ብቻ ነው። ፍሪዊሉን ከእምብርቱ ጋር የሚያያይዘው ጥምዝ ግን እንዳለ ነው፣ ወደ ኋላ ስትረግጥ ይፈታል። የሚፈታውም ቤትህ በር ላይ ሳይሆን ለማቆም በጣም በፈለግክበት ሰዓት ነው፣ ወደ ኋላ የምትረግጠው ያኔ ነውና።

እውነተኛው የፊክስድ እምብርት ጎኑን ስታየው እንደ ደረጃ ሁለት እርከን አለው። ሰፊው እርከን ጥርሱን ይይዛል። ከእሱ ውጭ ያለው ጠባብ እርከን በተቃራኒ፣ ማለትም ወደ ግራ የሚጠብቅ ጥምዝ ያለው ሲሆን መቆለፊያ ቀለበቱ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ጥርሱ ልፈታ ሲል በዚያው አቅጣጫ ቀለበቱ ይጠብቅበታል። የአንተ አሮጌ እምብርት አንድ እርከን ብቻ ነው ያለው። ሌላ ቀለበት ፈልገው በሙጫ የሚገጥሙም አሉ፤ ይህም ከብየዳው አይሻልም።

ስለዚህ አዲስ የኋላ ጎማ ያስፈልግሃል። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን ፍሬሙን መርምር። የኋላው አክስል የሚገባበት ክፍተት አግድም ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ ስበህ ሰንሰለቱን ማወጠር ትችላለህ። ክፍተቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ያ ፍሬም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀጥሎ አክስሉ በሚታሰርባቸው በሁለቱ የፍሬም ጆሮዎች መካከል ያለውን ርቀት ከውስጥ ለካ። የፊክስድ እምብርት አብዛኛውን ጊዜ 120 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሮጌ የውድድር ፍሬሞች 126፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት 130 ናቸው። 126 ከሆነ በአክስሉ ግራና ቀኝ የ3 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ታስገባለህ። የአሉሚኒየም ፍሬምን በዳዶ ኃይል ጨምቀህ ለማጥበብ አትሞክር፣ ይሰነጠቃል።

የማርሽ ብስክሌት ሰንሰለት ቀጭን ስለሆነ በወፍራም የፊክስድ ጥርስ ላይ አይቀመጥም፤ አንድ ስምንተኛ ኢንች የሚባለውን ግዛ። የፊትና የኋላ ጥርስ ከኋላ ሆነህ ስታያቸው በአንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ስትገጥም ጥምዙን ግራሶ ቀባው፣ ጥርሱን በእጅ አስገባ፣ ሰንሰለት በተያያዘበት የጥርስ መፍቻ አጥብቀው፣ ከዚያ ቀለበቱን እሰር። ወደ ኋላ ሳትረግጥ አንድ ጥሩ ዳገት ውጣ። ጥርሱ በእግርህ ኃይል ትንሽ ይጨምርና ቀለበቱ ይላላል፤ ከብስክሌቱ ወርደህ ቀለበቱን እንደገና አጥብቅ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን የመጨረሻውን ማጥበቅ ነው።

የሰንሰለቱን ውጥረት በመካከሉ በጣትህ ፈትሽ፦ ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። ፔዳሉን ቀስ ብለህ እያዞርክ ፈትሽ፣ ምክንያቱም የፊት ጥርስ ፍጹም ክብ ስላልሆነ የሚወጠርበት ቦታ አለ። ልኩን እዚያ ላይ ያዝ። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል፤ ከላላ ደግሞ ሰንሰለቱ ይወጣና ጎማውን ይቆልፋል።

«ቁመቴ 1.60 ነው። የሚያሳዩኝ ሁሉ ትልቅ ትልቅ ነው። መቀመጫውን ዝቅ ካደረግሽው ይበቃል ይሉኛል።» (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

አይበቃም፣ እህታችን። ጫማሽን አውልቀሽ ከግድግዳ ጋር ቁሚ፣ ደብተር በእግሮችሽ መካከል እንደ ኮርቻ አጥብቀሽ ያዢና ከወለሉ እስከ ደብተሩ የላይኛው ጠርዝ አስለኪ። 74 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በ0.67 ስታባዢው 49.6 ይመጣል፤ 49 ወይም 50 የሚባለውን ፍሬም ፈልጊ። የመቀመጫው ከፍታ ከፔዳሉ መዞሪያ መሃል ጀምሮ 74 በ0.883 ሲባዛ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በፊክስድ እግር ስለማያርፍ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብታደርጊው ይመቻል።

በትንሽ ፍሬም ላይ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። ፔዳሉን ወደ ፊት አድርገሽ መሪውን ሙሉ በሙሉ ስታዞሪ የፊት ጎማው የጫማሽን ጫፍ ይነካል ወይ? በሌላ ብስክሌት ፔዳሉን አቁመሽ ታልፊዋለሽ፤ እዚህ ግን ፔዳሉ አይቆምም፣ አራት ኪሎ አደባባይ ላይ በዝግታ ስትታጠፊ ሊጥልሽ ይችላል። የፔዳሉ ክንድ 165 ሚሊ ሜትር የሆነውን ያዢ፤ አጭር ክንድ ለዚህም ይረዳል፣ ስትታጠፊም ፔዳሉ አስፋልቱን ወይም የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ እንዳይመታ ያደርጋል።

«ጎሚስታ ጋ ሳስነፋ ካለማዳሪው ሁለት ጊዜ ፈነዳብኝ። ጎማው መጥፎ ነው?» (ከሜክሲኮ)

ጎማው ላይሆን ይችላል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የመኪና ጎማ የሚሞላ ነው፤ የእርስዎ ካለማዳሪ በሁለት ሦስት ሴኮንድ ይሞላል። ከማስነፋትዎ በፊት ጎማውን በሁለቱም ጎን ዙሪያውን በአውራ ጣት እየገፉ ካለማዳሪው በጎማውና በቸርኬው መካከል አለመቆንጠጡን ያረጋግጡ። ከዚያ አየሩ በአጭር በአጭሩ ይሰጠው። ለ60 ኪሎ ሰው በ28 ጎማ ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ ይበቃል። ሲገዙም የመኪና ዓይነት ወፍራም ቫልቭ ያለውን ይምረጡ፤ ቀጭኑ ቫልቭ ያለ ማገናኛ በጎሚስታ አይሞላም።

«የ16 ዓመት ልጄ ፊክስድ ካልገዛሽልኝ ብሎኛል። ፍሬን አያምርም ይላል። ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ሕፃንም አለ። ልከልክለው?» (እናት፣ ከካዛንቺስ)

አይከልክሉት፣ ግን የፊት ፍሬን ከሌለ ብስክሌቱም የለም ይበሉት። በዚህ ላይ አይደራደሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሜዳ ላይ ያሳልፍ፤ እሑድ ማለዳ መስቀል አደባባይ ለዚህ ይመቻል። መነሣትና ማቆምን በየቀኑ ሃያ ጊዜ ይለማመድ፣ የፔዳሉን ማሰሪያ ግን ለቀቅ አድርጎ። ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርደውን መንገድ ከዚያ በፊት እንዳይሞክር። በክረምት ፍሬኑ ቸርኬው ላይ ያለውን ውኃ ጠርጎ እስኪይዝ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብሎ መያዝ ይልመድ። የሱሪውን ጫፍ ይጠቅልል፣ የጫማ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ ይክተት፤ ሰንሰለቱ የያዘውን ነገር ይዞ ይዞራል።

ሕፃኑን በተመለከተ ጥያቄዎ በጣም ተገቢ ነው። በዚህ ብስክሌት ትልቁ የቤት ውስጥ አደጋ ጣት ነው። ብስክሌቱ ተገልብጦ ጎማው ሲሽከረከር ጣት በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ከገባ፣ የጎማው ክብደት ራሱ ጣቱን ይዞ ያዞረዋል፣ ይቆርጠዋልም። ልጅዎ ሰንሰለቱን ሲያጸዳ ጎማውን በአንድ እጁ ቀስ አድርጎ ያዙር፣ ጨርቁን ከጥርሶቹ ርቆ በታችኛው የሰንሰለት መካከል ይያዝ፣ ጎማውን አፍጥኖ ለቆ ጨርቅ አያስጠጋ። ሥራውን ሲጨርስ ብስክሌቱ ሕፃኑ በማይደርስበት ከፍታ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ቦታ ከሌለ የኋላውን ጎማ ከፍሬሙ ጋር በአሮጌ ቀበቶ እሰሩት።