ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት ባትሪ የግቢዎን ሶላር መብራት ለምን እስከ ንጋት አያቆየውም?

ከአዲስ አበባ የደረሰን ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በግቢዬ ውስጥ መሬት ላይ የሚተከሉ ስምንት የሶላር መብራቶች አሉ። አብሯቸው የመጣው ደብል ኤ ባትሪ 600 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ነበር። እሱ ሲደክም በሰኔ መጨረሻ 2700 የሚል ገዝቼ፣ ቻርጅ አድርጌ አስገባሁ። ሁለት ሳምንት ያህል እስከ ንጋት አበሩ፤ አሁን ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋሉ። የገዛሁት ባትሪ ፎርጅድ ነው? በተጨማሪ በሩ ላይ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት አለ። ውስጡ ያለው 18650 የተባለው ባትሪ ለወራት ሳይሠራ ቆይቶ ስለካው 1.1 ቮልት ብቻ አሳየ። ጎረቤቴ የስልክ ቻርጀር ሽቦ ቆርጠህ በቀጥታ በመንካት አስነሳው ይለኛል። ላድርገው?»

ጉዳዩ የእሳት አደጋ ያለበት ስለሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ አስቀድማለሁ። እባክዎ አያድርጉት። በተለምዶ የስልክ ቻርጀር የምንለው ዕቃ 5 ቮልት የሚሰጥ የኃይል ምንጭ ብቻ ነው፤ ቻርጁን የሚቆጣጠረው፣ ሲሞላም የሚያቆመው ክፍል ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። 18650 የሊትየም ባትሪ ነው፤ የተለመደው ባለ 3.7 ቮልት ሊትየም ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት። ከ5 ቮልት ምንጭ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ የሚያስቆመው ነገር ስለሌለ ከልኩ ያልፋል፤ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ካስነሳው በኋላ ሽቦውን ቢነቅሉም ላይቆም ይችላል።

የእርስዎ ባትሪ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት። ሊትየም ባትሪ ወደ 2.5 ቮልት ሲወርድ አለቀ ይባላል። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ ለሳምንታት ሲቆይ በውስጡ ያለው እንደ ወረቀት የሳሳ መዳብ ወደ ፈሳሹ መሟሟት ይጀምራል፤ ባትሪው መልሶ ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ በማይገባው ቦታ ይጋገርና ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። እንዲህ ያለው ባትሪ ተነሥቶ ለጥቂት ቀናት ደህና መስሎ ከሠራ በኋላ አንድ ሌሊት ሰው በተኛበት ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያሳዝን 1.1 ቮልት ያሳየውን ባትሪ እንዲያስወግዱት እመክራለሁ። ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ከብረት ነገሮችና ከልጆች አርቀው ያስቀምጡ፤ ከከሰል ምድጃ ወይም ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ቦታ ፈጽሞ አያስጠጉት።

አሁን ወደ ስምንቱ መብራቶች ልመለስ። ባትሪው ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የነገሩኝ ምልክት ወደ ሌላ ምክንያት ያመለክታል። ሁለት ሳምንት እስከ ንጋት አብርቶ ቀስ በቀስ የደከመ መብራት፣ ሞልቶ የገባውን ባትሪ በየሌሊቱ እየጨረሰ፣ በየቀኑ ደግሞ ካወጣው ያነሰ ሲያስገባ የቆየ መብራት ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ሚሊአምፒር በአንድ አፍታ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፣ በሰዓት ሲባዛ የሚገኘው ሚሊአምፒር ሰዓት ደግሞ ባትሪው የሚይዘው ክምችት ነው።

በእነዚህ ትንንሽ መብራቶች ላይ ያለው ፓነል በጠራ ፀሐይ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሚሊአምፒር ነው። 40 ነው እንበል። በበጋ ቀን ሙሉ ፀሐይ ለአምስት ሰዓት ተኩል ያህል እንዳገኘ ብንቆጥር 220 ሚሊአምፒር ሰዓት ይሆናል። በእነዚህ መብራቶች ውስጥ የሚገባው፣ ቻርጅ የሚደረገው የኒኬል ባትሪ ከሚቀበለው ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው በሙቀት መልክ ስለሚባክን፣ ለሌሊት የሚተርፈው 150 ገደማ ነው። ኤልኢዲውን የሚያበራው አራት እግር ያለው ትንሽ አይሲ (የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) የባትሪውን 1.2 ቮልት ወደ 3 ቮልት ገደማ ለማሳደግ 18 ሚሊአምፒር ያህል ቢወስድ፣ መብራቱ በበጋ ለስምንት ሰዓት ያህል ይበራል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሳይገለጥ ሲውል ግን ፓነሉ የበጋውን ሲሶ ቢያገኝ ነው፤ ሌሊቱን የሚያገለግለውም ወደ ሦስት ሰዓት ይወርዳል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ የበራ መብራት አራት ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ ያሉት ከዚህ ሒሳብ ጋር ይገጥማል። ሌሊቱን ሙሉ ለማብራት ወደ 200 የሚጠጋ ያስፈልገዋል፤ ከፓነሉ የሚያገኘው 50 ብቻ ነው፤ የቀረውን 150 ከመጀመሪያው ክምችት እየወሰደ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ክምችቱ አለቀ። ባትሪውን በ5000 ቢተኩት እንኳ የሚያልቅበት ቀን ይዘገያል እንጂ አያልቅም አይባልም።

ስለዚህ የባትሪው አቅም የሚመረጠው ከፓነሉ ተነሥቶ ነው። በአንድ በኩል ተራ ኒኬል ባትሪ ያለ ተቆጣጣሪ በየቀኑ ሲሞላ ሳይጎዳ የሚታገሠው የአቅሙን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ፓነሉ 40 ሚሊአምፒር ከሰጠ ባትሪው ከ400 ሚሊአምፒር ሰዓት ማነስ የለበትም፤ ካነሰ በበጋ ወራት ከሞላ በኋላ በየቀኑ እየተጨመረበት ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል። በሌላ በኩል ከሦስት እስከ አምስት ሌሊት የሚበቃ ክምችት ማለፍም ለዚህ መብራት ትርፉ ጥቂት ነው፤ ያ ደግሞ ከ600 እስከ 1000 ማለት ነው። በጣም ከፍተኛ አቅም የተጻፈባቸው ደብል ኤዎች በአብዛኛው ሳይሠራባቸውም ክምችታቸው በራሱ ጊዜ ቶሎ የሚባክንና በተደጋጋሚ ሲሞሉና ሲራገፉ ቶሎ የሚያረጁ ናቸው። በራሱ ጊዜ የሚባክነው አነስተኛ የሆነ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ዓይነት አለ፤ ሳንዮ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤኔሉፕ ብሎ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ሌሎችም ይሠሩታል። ከዚህ ዓይነት 1000 ገደማ የሚይዘውን ካገኙ ለግቢ መብራት ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ግምቴን ከማመን ይልቅ የራስዎን ፓነል ይለኩ። በጠራ ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ባትሪውን አውጥተው፣ መልቲሜትሩን በዲሲ ሚሊአምፒር ላይ አድርገው ሁለቱን ዘንጎች በፓነሉ ሽቦዎች ላይ ያሳርፉ። እንዲህ ያለውን ትንሽ ፓነል ለአፍታ በሜትር ሾርት ማድረግ አይጎዳውም፤ ይህንኑ ግን በባትሪ ላይ እንዳይሞክሩት፤ ሜትሩም ባትሪውም ይበላሻሉ። ንባቡ ከ20 በታች ከሆነ መጀመሪያ የፓነሉን ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ገጹ ነጭ ጉም የመሰለ ሽፋን ካወጣና ከተጠረገም በኋላ ካልተሻሻለ፣ ድካሙ ከፓነሉ ስለሆነ የባትሪ ገንዘብ አያውጡበት።

ባትሪ ሲገዙ ከቁጥሩ በፊት ዓይነቱንና ቮልቱን ያንብቡ፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ደብል ኤ የመጠን ስም ብቻ ነው። በዚያ መጠን የሚሸጡ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ቻርጅ የማይደረገው ተራ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ ሶላር መብራት ውስጥ ከገባ ፓነሉ በግድ ሊሞላው ሲሞክር ይፈሳል፣ የመብራቱን ኮንታክትም ይበላዋል። ኒኬል ካድሚየምና ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ 1.2 ቮልት ናቸው፤ ካድሚየም መርዛማ ብረት ስለሆነ ሁለተኛውን ይምረጡ። አራተኛው 14500 የሚባለው ሊትየም ነው፤ ውፍረቱ 14 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 50 ሚሊሜትር ስለሆነ ከደብል ኤ ጋር በዓይን አይለይም፣ ቮልቱ ግን 3.7 ነው። ለ1.2 ቮልት በተሠራ መብራት ውስጥ ሲገባ አይሲውን ወይም ኤልኢዲውን ወዲያው ሊያቃጥል ይችላል። ባያቃጥልም 2 ቮልት የሚሰጠው ፓነል ሊሞላው ስለማይችል ባትሪው በጥቂት ቀን ተሟጦ ይሞታል። ደንበኞች «አዲስ ባትሪ አስገብቼ ሞተ» ብለው ካመጡልኝ መብራቶች ውስጥ ይህን ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ሻጩም ገዢውም ያዩት መጠኑን ብቻ ነበር።

ያንኑ ጥንቃቄ ለበሩ መብራት ባትሪ ሲገዙም ያስፈልግዎታል። 18650 ስሙ የመጠኑ ነው፤ ባለ 3.7 ቮልት ሊትየም አዮንም ባለ 3.2 ቮልት ሊትየም አይረን ፎስፌትም በዚያ መጠን ይሠራሉ። አይረን ፎስፌት ሲሞላ 3.65 ቮልት ላይ መቆም አለበት፤ በ4.2 ቮልት በሚሞላ ቦርድ ላይ ከተቀመጠ በየቀኑ ከልኩ በላይ ይሞላል። በተቃራኒው 3.7 የሚለው ለ3.2 በተሠራ መብራት ውስጥ በደንብ ሳይሞላ ይቀራል። የድሮው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቮልት አይተው ያንኑ ይግዙ። አዲስ መብራት ሙሉውን የሚገዙ ከሆነና ቦታው እንደ ድሬዳዋ ወይም እንደ አፋር የሚሞቅ ከሆነ፣ ሙቀትን በተሻለ ስለሚችል አይረን ፎስፌት ያለበትን ይምረጡ።

በ18650 ላይ 9900 ወይም 8800 ተጽፎ ቢያዩ አይግዙ። በዚህ መጠን ታዋቂዎቹ ፋብሪካዎች በብዛት የሚሸጡት ከ2000 እስከ 3500 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ነው። እውነተኛው ባትሪ ወደ 45 ግራም ይመዝናል፤ 30 ግራም የሚመዝን ከሆነ ውስጡ የጎደለ ነገር አለ፤ የወርቅ ሚዛን ያለው ሰው በአንድ ደቂቃ ያረጋግጥልዎታል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሲገዙት ከ3 ቮልት በላይ ማሳየት አለበት፣ ሞልቶ ሳይነካ ለአንድ ሳምንት ሲቀመጥም ከ4 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። መብራቱንም ባትሪውንም ከውጭ አገር ዘመድ የሚያመጣልዎ ከሆነ፣ ለብቻው የሚጓዝ ሊትየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ እንደማይፈቀድ አስቀድመው ይንገሩት፤ ጫፎቹም ይሸፈኑ።

ስለ ቻርጅ አደራረጉ፣ አዲስ ኒኬል ባትሪ መብራቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በቤት ውስጥ ቻርጀር አንዴ ሙሉ በሙሉ ይሞላ። ቀላሉና ዝግተኛው መንገድ በአቅሙ አንድ አሥረኛ ከ14 እስከ 16 ሰዓት መሙላት ነው፤ 1000 ለሚይዝ ባትሪ 100 ሚሊአምፒር ማለት ነው። ፈጣን ቻርጀር ከሆነ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው የሚከታተልና ሲሞላ በራሱ የሚያቆም ይሁን፤ ሁለት ሁለት አድርጎ የሚሞላው ቻርጀር አንዱን አጥግቦ ሌላውን ያስርባል። መጨረሻው ላይ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በእጅ መያዝ እስኪያቅት ከጋለ ግን ያቁሙት። ሁለት ባትሪ የሚወስድ መብራት ካለዎት አዲስና አሮጌ አያቀላቅሉ፤ ደካማው ቀድሞ ሲያልቅ ጠንካራው በተቃራኒው አቅጣጫ ይነዳውና ያበላሸዋል።

ለሊትየሙ በ4.2 ቮልት የሚያቆም ቻርጀር ይጠቀሙ። በኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚሸጠው ቲፒ4056 የተባለው ትንሽ ቦርድ ለባለ 3.7ው ይሆናል፤ ከልክ በላይ እንዳይራገፍ የሚጠብቀው ክፍል አብሮ ያለበትን ይግዙ፤ ለአይረን ፎስፌት ግን አያውሉት። ሲሞሉ ባትሪውን በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ላይ ያስቀምጡ፤ ከአልጋና ከመጋረጃ ያርቁት፤ ቤቱን ለቀው ወይም ተኝተው አይሙሉት። ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ ወይም ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሊትየም አይሞላም። ስለዚህ ባትሪው ከፓነሉ ጀርባ በተዘጋ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ካለ፣ ቀትር ላይ ሳጥኑን በእጅዎ ነክተው ይመርምሩ።

የፓነሉን አቅጣጫም ያስተካክሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ያዘነብላል። ወደ ደቡብ በጣም የተጋደመ ፓነል በክረምት ካለው ጥቂት ብርሃን ላይ ሌላ ይቀንሳል። ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል ብቻ አዘንብለው ይትከሉት።

እስከ መስቀል ድረስ ከስምንቱ መብራቶች ለደረጃውና ለመጸዳጃው መንገድ የሚያስፈልጉትን አራቱን ብቻ ያብሩ፤ የሌሎቹን አራት ባትሪዎች እየሞሉ በየአሥር ቀኑ ይለዋውጧቸው። ሰማዩ ከጠራ በኋላ የተለዋወጡት ሁሉ በፓነላቸው ብቻ አንድ ሳምንት ይሥሩ። ያን ጊዜም ከምሽቱ አራት ሰዓት በፊት የሚጠፋ ካለ፣ የዚያን መብራት ባትሪ ደህና ከሚሠራው ጋር ቀይረው ይዩ፤ ድካሙ ባትሪውን ተከትሎ ከሄደ ባትሪው ነው፣ እዚያው ከቀረ ፓነሉን ይለኩ።