ስልኩን ልቀይረው ወይስ ልታገሰው?

ጥያቄ፦ ጋላክሲ ኤ52 ስልኬን የገዛሁት በ2013 ዓ.ም ነው፤ 128 ጊጋ ነው። ጠዋት ሞልቼው ወጥቼ ከምሳ በኋላ ይዘጋል፤ አንዳንዴ 25 ፐርሰንት እያለው ድንገት ይጠፋል። ካሜራ ስከፍት ደግሞ ስታክ ያደርጋል። ሱቅ ብወስደው «ሽጠውና ጨምረህ አዲስ ውሰድ» አሉኝ። ቴሌብርም የባንክ አፕም ያለኝ በዚሁ ስልክ ነው። አሁን ልቀይር ወይስ ዋጋ እስኪወርድ ልጠብቅ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የነገሩን ሁለት ችግር ነው፤ ሁለቱም ስልክ አያስቀይርም። የሚያስቀይረው ያልጠቀሱት ሦስተኛው ነው።

25 ፐርሰንት እያለው የሚጠፋ ስልክ ባትሪው ማርጀቱን ራሱ እየተናገረ ነው። ያረጀ ባትሪ ካሜራው ወይም ፍላሹ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወርድበታል፤ ስልኩም ራሱን ያጠፋል። በብርድ ደግሞ ይብስበታል። ሳምሰንግ ሜምበርስ የሚባለው አፕ ውስጥ ያለው ምርመራ የባትሪውን ሁኔታ ያሳይዎታል። የስልኩ ጀርባ ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ብድግ ካለ ግን ምርመራም አያሻ፤ ቻርጅ ማድረጉን ዛሬውኑ ያቁሙ።

ሲያስቀይሩ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። የኤ52 ባትሪ 4500 ሚሊአምፒር ነው። በዚያው መጠን 6000 የተጻፈበት ካሳዩዎት ቁጥሩ ውሸት ነው። ጀርባው የተጣበቀው በሙጫ ስለሆነ በሙቀት ለስልሶ ነው የሚነሳው፤ አሮጌውን ባትሪ በስለታማ ብረት የሚፈነቅል ጠጋኝ ካዩ ያስቁሙት፣ የተወጋ ባትሪ ይቀጣጠላል። ከሱቁ ሳይወጡ ቻርጅ መቀበሉን፣ አሻራውንና ድምፁን ይሞክሩ። ስልኩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ እንደ ድሮው ውሃ ይችላል ብለው አይመኑት።

ስታክ ማድረጉን በተመለከተ፣ ከ128ቱ ስንት ጊጋ ቀርቶዎታል? ሜሞሪው ሊሞላ ሲል ስልኩ አዲስ ፎቶ ከመጻፉ በፊት የድሮውን አንቀሳቅሶ ቦታ ማጽዳት አለበት፤ ካሜራው ላይ የሚያዩት መንተፋተፍ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ጊጋ ክፍት ይተዉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ቴሌግራም ነው፤ ያዩት ቪዲዮ ሁሉ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ገብተው ክሊር ካሽ ይበሉት። ቻቱም ፋይሉም ሰርቨሩ ላይ ስላለ፣ ሲፈልጉት እንደገና ይወርዳል። ዋትስአፕ ላይ ግን እንዲህ አያድርጉ! እዚያ የሰረዙት ፎቶ ሌላ ቦታ ካላስቀመጡት ላይመለስ ይችላል። ሚሞሪ ካርድ መጨመርም ይቻላል፤ ግን ሁለተኛውን ሲም ከቦታው ያስነሳዋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ኤ52 በአንድሮይድ 11 ወጥቶ በ14 ቆሟል። ሳምሰንግ ቃል የገባለት የአራት ዓመት የደህንነት አፕዴትም እ.ኤ.አ. በ2025 አልቋል። ስልኩ መሥራቱን አያቆምም፤ ከዚያ ወዲህ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ግን አይደፈንለትም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሱበት ስልክ ስለሆነ ይህ ከባትሪውም ከሜሞሪውም ይከብዳል። ምክራችን፦ ባትሪውን ያስቀይሩ፣ ሜሞሪውን ያጽዱ፣ በዚህ ስልክ እስከ አንድ ዓመት ይቆዩና እስከዚያው ለአዲሱ ያጠራቅሙ። በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጭ የሚመጣ የአፕ ፋይል) ፈጽሞ አይጫኑ። ስክሪኑም ጭምር የተሰበረ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ የስክሪንና የባትሪ ወጪ ተደምሮ ስልኩ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሹን ካለፈ አያሳድሱት።

ዋጋ ይወርዳል ብሎ መጠበቁን አንደግፈውም። ሞዴል ሲያረጅ የሚረክሰው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ያለው ዋጋ የዶላሩን ቅናሽ ሁልጊዜ አይከተልም። ይልቅ ሲገዙ የቀረውን የአፕዴት ዕድሜ ይቁጠሩ፤ የሚቆጠረውም ከገዙበት ቀን ሳይሆን ሞዴሉ ከወጣበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው ጋላክሲ ኤ16 ስድስት ዓመት ስለተሰጠው እስከ 2030 ይደርሳል። በርካሽ የተገኘ የሦስት ዓመት «አዲስ» ስልክ ካርቶኑ ሳይከፈት ዕድሜውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለገና ከዋሽንግተን ሲመጣ አይፎን ይዞልኝ ይመጣል። አሁኑኑ ይግዛው ወይስ ይቆይ?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ይቆይ። ለገና ከሆነ ምንም አይቀርብዎትም። አፕል አዲሱን ሞዴል ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ መስከረም ያወጣል፤ ያኔ ያለፈው ዓመት መደበኛው ሞዴል አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር ሲቀንስ ቆይቷል። አይፎን 15 እና 16 ሁለቱም በዓመታቸው ከ799 ወደ 699 ወርደዋል። ፕሮ የሚለውን ግን አፕል ራሱ ከሽያጭ ስለሚያወጣው ቅናሹን ሌላ ሱቅ ይፈልጉት።

ከዋጋው በላይ ወንድምዎ ሁለት ነገር ያጣራ። አንደኛ፣ በስልክ ድርጅት በኩል በየወሩ በሚከፈል ክፍያ የተገዛ ስልክ ብዙውን ጊዜ በዚያ ድርጅት ሲም ብቻ እንዲሠራ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ካሪየር ሎክ የሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ አይቀበሉት። ሁለተኛ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አይፎን ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ሐዋሳ ያለው የቴሌ ማእከል መስመርዎን ወደ ኢሲም ይቀይርልዎት እንደሆነ ስልኩ ሳይገዛ ይጠይቁ።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ፣ የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውድ (ከአፕል) አካውንቱ መውጣቱን ወንድምዎ ገንዘቡን ሳይከፍል፣ ሰውየው አጠገቡ ቆሞ እያለ ያረጋግጥ።