እናትሽን ሲም ካርድ አታስቀይሪያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከማያውቁት ቁጥር ይደወልላቸዋል፤ አንዳንዱ አንዴ ጠርቶ ይዘጋል፤ አንዱ ደግሞ «ከባንክ ነው» ብሎ ስለ ሂሳባቸው ጠይቋቸዋል። ቁጥራቸውን ልቀይር ወይስ የማያውቁትን እንዳያነሱ ልንገራቸው ነው ያልሽው። ሁለቱንም አታድርጊ። ኮምቦልቻ ላይ ስልክ መሸጥና መጠገን ከጀመርኩ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ «እስቲ ይህን ቁጥር እየው» ተብሎ ስልክ የማይዘረጋልኝ ቀን የለም።

ከ«አታንሱ» ልጀምር። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ሱቄ መጥተው ጅዳ ያለችው ልጃቸው ከደወለች ወር እንዳለፈ በእንባ ነገሩኝ። ስልኩን ስከፍተው ያልተነሱ ጥሪዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በ09 የሚጀምሩ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። ለካ ጎረቤት «የማያውቁትን አያንሱ፣ ሌባ ነው» ብሏቸዋል። ስትደውል የከረመችው ልጃቸው ነበረች። በውጭ አገር በርካሽ የሚሸጥ አንዳንድ የጥሪ ካርድ ድምፁን በኢንተርኔት ያመጣውና እዚህ ብዙ ሲም ካርድ በተሰካበት መሣሪያ በኩል የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ ይለቀዋል። ሲም ቦክስ የሚባለው ይህ ነው። ድርጊቱ በአዋጅ ቁጥር 761/2004 ወንጀል ነው፤ ልጅቷ ግን ርካሽ ካርድ ከመግዛት በቀር የምታውቀው ነገር የለም። በ966 መምጣት የነበረበት የሳዑዲ ጥሪ በ09 ይመጣል፤ መልሰሽ ስትደውዪ ዝግ ነው። አንቺም ወንድምሽ ዱባይ እንዳለ ጽፈሻል።

አንዴ ጠርቶ የሚዘጋው ከአገር ውስጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ ሰው ወይም ሂሳብ ያለቀበት ዘመድ ነው። የመደመር ምልክት ካለው ግን መልሰው ከመደወላቸው በፊት የመጀመሪያዎቹን ሦስት አኃዞች ይዩ። 966 ሳዑዲ፣ 971 ኤምሬትስ፣ 965 ኩዌት፣ 961 ሊባኖስ ነው። 222 ሞሪታኒያ፣ 232 ሴራሊዮን፣ 269 ኮሞሮስ ነው፤ እዚያ ማን አላቸው? አጭበርባሪው የሚያገኘው እሳቸው መልሰው ሲደውሉ ከሚቆረጠው ውድ ሂሳብ ላይ ነው። ጃፓኖች «ዋንጊሪ» ይሉታል፤ አንዴ ጠርቶ መዝጋት ማለት ነው።

አሁን ወደ «ከባንክ ነው» ባዩ። በዚህ በኩል እኔ ራሴ ተታልያለሁ፤ ስልክ ሻጩ! «2,400 ብር ተልኮልዎታል» የሚል መልእክት ገባ፤ ደቂቃ ሳይቆይ አንድ ሰው ደውሎ «ለእናቴ መድኃኒት መግዣ ነበር፣ ተሳስቼ ነው» እያለ ለመነኝ። ሱቁ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ቀሪ ሂሳቤን ሳላይ ላክሁለት። ማታ መልእክቱን ደግሜ ሳነብ ከተራ 09 ቁጥር የመጣ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ይህን ለሰው ስነግር የኖርኩት እኔው ነበርኩ።

ሌላው «አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚለው ነው። ያ ቁጥር የሂሳባቸው ወይም የቴሌግራማቸው መክፈቻ ነው፤ ለእኔም ለአንቺም ቢሆን አይነበብም። ኮከብ 21 ብለው እንዲጀምሩና የሆነ ቁጥር እንዲጨምሩ የሚያዝም አለ፤ እሱ ጥሪያቸውን ወደ ራሱ ስልክ ማዞሩ ነው። ዛሬውኑ በስልካቸው *#21# ደውዪና ጥሪያቸው ወደ ሌላ ቁጥር ዞሮ እንደሆነ እዪ፤ ዞሮ ከተገኘ ##002# ያጠፋዋል።

ለእናቴ ይህን ሁሉ አላስተማርኳትም። አንድ አረፍተ ነገር ነው የሰጠኋት፤ «እሺ፣ ልጄ ሲመጣ እነግረዋለሁ»። ባለፈው አንዱ ሲጣደፍባት ይህንኑ ሦስት ጊዜ መለሰችለት፤ በአራተኛው ራሱ ዘጋ። ልጅ እስኪመጣ የሚጠብቅ አጭበርባሪ እስካሁን አልገጠመኝም።

የደዋይን ስም የሚያሳዩ መተግበሪያዎችን ብዙም አላምንም፤ የሚያሳዩት ሌላ ሰው የመዘገበውን ስም ነው፤ አጭበርባሪውም ራሱን «ባንክ» ብሎ መመዝገብ ይችላል። እኔ የምጠቀምበት ቴሌብርን ነው፤ ቁጥሩን አስገብቼ ትንሽ ብር እንደምልክ ስሞክር የተቀባዩ ስም ይወጣል፤ ሚስጥር ቁጥር ሳላስገባ እተወዋለሁ። መጥፎነቱ የተረጋገጠውን ቁጥር አግጂው። ማገድ በማይችል ተራ ስልክ ላይ «አታንሳ» ብለሽ መዝግቢው፤ በእኔ ስልክ «አታንሳ 14» ላይ ደርሻለሁ። የሚሳደብ ወይም የሚያስፈራራ ካለ ግን ጥሪውንም መልእክቱንም ሳታጠፊ ለፖሊስ አሳዪ።

ቁጥር መቀየርን ተዪው። የባንክና የቴሌብር ሂሳባቸው የተያያዘው ከዚሁ ቁጥር ጋር ነው፤ የተተወ ቁጥርም ውሎ አድሮ ለሌላ ሰው ይሸጣል። አዲስ ብለሽ የምትገዢላቸውም ቢሆን የሌላ ሰው የነበረ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ደንበኛዬ የቀድሞውን ባለቤት አበዳሪዎች ለአራት ወር ሲያስተናግድ ከርሟል።

ወንድምሽን በስንት ሰዓት እንደሚደውል ጠይቂውና አንድ ሰዓት ቁረጡ። ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ካላችሁ፣ በዚያ ሰዓት የመጣውን ቁጥር ሁሉ ያንሱ፤ ድምፁን ሲሰሙ ያውቁታል።